በእንግሊዝኛ ሲሆን አያሳፍርም

እኔ ሲጋራ አፌ ገብቶ አያውቅም። ስለ ሲጋራ በእንግሊዝኛ ማውራት ከሆነ ግን ከብዙ አጫሽ እበልጣለሁ። ይህን ዕውቀት ያገኘሁት ከትምህርት ቤት አይደለም። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ፣ ሱዳን ውስጥ ከሾዋክ ከተማ ብዙም በማይርቅ የስደተኞች ሰፈር የክሊኒክ አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ፣ ከጎኔ ከማትጠፋ አንዲት እንግሊዛዊት ነርስ የተማርኩት ነው።

ነርሷ በዕድሜ እናቴ የምትሆን፣ ፊቷ በፀሐይ የቀላ፣ ድምጿ የጎረነነ ሴት ነበረች። በሽተኛ ፊት አታጨስም። በሽተኛ የሌለበት ደቂቃ ከተገኘ ግን ከክሊኒኩ ጀርባ ያለችው የሣር ዳስ ሥር ትገኛለች። ለእኔም የተሰጠኝ ወንበር እዚያው ስለነበር፣ ከምግብ ሰዓት ይልቅ የእሷን የሲጋራ ሰዓት ለመድኩ።

ጎንደር አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርቴን ጥዬ የወጣሁት። እንግሊዝኛዬ የደብተር እንግሊዝኛ ነበር፤ ባለቤትና ግሱን አስተካክሎ፣ ነጥቡን አስቀምጦ የሚያርፍ። የእሷ ግን ሌላ ነው። ሲጋራውን «ፋግ» ትለዋለች። አምሮቱ ሲጠናባት «አየም ጋስፒንግ» ትላለች፤ ትንፋሽ ያጠራት ይመስል። ክብሪት ስትፈልግ «ጋት ኤ ላይት?» ነው። አንዴ ሳብ ማድረግ «ድራግ» ይባላል። ከሰው ላይ ሲጋራ መለመን፣ ያውም የመመለስ ሐሳብ ሳይኖር፣ «ባም ኤ ፋግ» ነው። አጥፊው ለማለት «ፑት ኢት አውት»፣ እርግፍ አድርጎ ለመተው «ፓክ ኢት ኢን»። እኔ ሁሉንም በፊደል እየጻፍኩ፣ ትርጉሙን ከጎኑ እያሰፈርኩ፣ ከክሊኒኩ ያገኘሁትን አንድ ደብተር አጋመስኩት።

አንዱን አባባል ብቻ አልጻፍኩትም። አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሬሳ ሸኝተን እንደተመለስን ዳሱ ሥር ተቀምጣ «አየም ዳይንግ ፎር ኤ ፋግ» አለች፤ ሲጋራ አማረኝ ለማለት ሞትኩ ማለቷ ነው። እኔ ነገር የማሳልፍ ሰው አይደለሁም። እዚህ ሰው የሚሞተው እንጀራ አጥቶ እንጂ ሲጋራ አምሮት እንዳልሆነ በደብተር እንግሊዝኛዬ፣ ነጥቡን ሳልስት ነገርኳት። ከአንገቷ እስከ ግንባሯ ቀላች። ይቅርታ ጠየቀች፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። የወደድኳትም ከዚያን ቀን ጀምሮ ይመስለኛል።

ከአባቴ ጋር ነበር የምኖረው። እናቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተች ያሳደጉኝ አባቴ ናቸው። ልብስ ሰፊ ነበሩ። የስፌት መኪናቸው ጎንደር ቢቀርም መቀሳቸውንና የክር ቆርቆሯቸውን ይዘው ነው ድንበሩን የተሻገሩት። በሰፈሩም የሰውን ልብስ ቀዳዳ በእጃቸው እየጠቀሙ፣ ቀስ በቀስ የተከበሩ ሰው ሆኑ። ሽማግሌዎች ሲመረጡ እሳቸውን አልዘለሏቸውም። ወጣቶቹ ሱዳን ገብተው ሲጋራ ለመዱ ተብሎ ሲመከርም፣ ተነሥተው አጥብቀው ከሚገሥጹት አንዱ አባቴ ነበሩ።

እሳቸው ግን ያጨሱ ነበር።

ማጨሳቸውን ያወቅሁት ወደ ሰፈሩ ከመምጣታችን በፊት፣ ቁረይሻ በሚባል የሱዳን የእርሻ ቦታ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ሳለን ነው። እኔ እዚያ እንደደረስን ወባ ጥሎኝ አልሠራሁም። ቀለብ የሚሰጠው ለሚያጭድ ብቻ ስለነበር፣ ለሁለታችን የነበረን የአባቴ ድርሻ ነው፤ አንድ ሰሃን የማሽላ ገንፎ በደረቅ ባሚያ። ከወባ የተነሣ ሰው ምን ያህል እንደሚበላ የደረሰበት ያውቀዋል። አባቴ ከእርሻው ሲመለሱ ሰሃኑን አምጥተው ከፊቴ ያስቀምጣሉ፤ «እኔ እዚያው ከሰዎቹ ጋር በልቻለሁ» ይሉኛል፤ ጋቢያቸው ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። በሆዴ ተቀየምኳቸው። አገር በረሃብ እያለቀ፣ ልጅ ታማ ተኝታ፣ እሳቸው ከትራክተር ነጂዎች ጋር ቁጭ ብለው ጭስ ያቦናሉ አልኩ። አፍ አውጥቼ ግን አልተናገርኩም። እንዴት ብዬ?

በእኛ ዘንድ ይህ የሚነገር ነገር አይደለም። ክርስቲያን ሰው ያውም ሽማግሌ ማጨሱ ነውር ነው፤ ልጅ አባቷን «ያጨሳሉ» ማለቷ ግን ከማጨሱ የባሰ ነውር ነው። ስለዚህ እሳቸው ከቤታችን ጀርባ ዘወር ብለው ያጨሳሉ፤ እኔ ከሩቅ እየሳልኩ እመጣለሁ፤ እሳቸው ያጠፋሉ፤ እኔ ምንም እንዳልሸተተኝ ሆኜ እገባለሁ። ይህ ስምምነት በቃል ሳይነገር ወራት ቆየ።

አባቴ ግን ትምህርት ይወዱ ነበር። አመሻሽ ላይ ስመጣ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ብለው ደብተሬን እንዳነብላቸው ያደርጉኛል። የቁስሉን፣ የትኩሳቱን፣ የክኒኑን ቃል ሁሉ ከትርጉሙ ጋር አነባለሁ፤ ነርሷ ስለ ሲጋራ ያለችው ላይ ስደርስ ግን ትርጉሙን እዘላለሁ። «ይህስ ምን ማለት ነው?» ካሉኝ «የሥራ ቃል ነው» እላለሁ። እሳቸውም ደግመው አይጠይቁም። «ፑት ኢት አውት፣ ፓክ ኢት ኢን» እያሉ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ከትርጉሙ በላይ ያነበብኩበት ፊት ሳይነግራቸው አልቀረም።

አንድ ቀን ክሊኒኩ ቀደም ብሎ ተዘጋና ሳልስል መጣሁ። አባቴ ከቤቱ ጀርባ የዱቄት ጣሳ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ እጃቸውን ቶሎ ከጋቢው ሥር አስገቡት። ሰላም አልኳቸው። እሳቸውም እንዴት ዋልሽ አሉኝ። ሙቀቱ በረታ አልኩ፤ ዝናቡ የቀረበ ይመስላል አሉ። እንዲህ እያልን ሳለ ከጭናቸው ላይ ቀጭን ጭስ ተነሣ።

ያ ጋቢ ከአገር ይዘነው የወጣነው አንድ ያማረ ነገራችን ነበር። እየነደደ ነው። ጋቢዎ ነደደ ብል፣ በምን ነደደ የሚለው ይከተላል፤ እሱ ከመጣ ደግሞ አባቴን ሲጋራ ሲያጨሱ ያዝኳቸው ማለት ነው። እሳቸውም ግለቱ ጭናቸው ደርሶ እያለ፣ ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ እያለ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ። ሁለታችንም ጋቢው ሙልጭ ብሎ ቢነድ የምንመርጥ ሰዎች ነበርን። ጭሱ ሲወፍር ግን አላስችል አለኝና ከአፌ የወጣው እንግሊዝኛ ሆነ።

«ፑት ኢት አውት» አልኳቸው።

አባቴ ለአፍታ አዩኝ። «የስ» አሉና ሲጋራውን አውጥተው አሸዋው ውስጥ ቀበሩት፤ ጭናቸውን መታ መታ አድርገው እሳቱን አጠፉት። ከዚያ ሳቅ መጣ። እኔ ግድግዳውን ይዤ ሳቅሁ፤ እሳቸው በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። በማግስቱ የተቃጠለውን በዱቄት ጆንያ ጨርቅ ጣፉት። የጆንያው ጽሑፍ ግማሽ ፊደል ጭናቸው ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሲጋራ የሚለው የአማርኛ ቃል በመካከላችን አልተነገረም፤ በእንግሊዝኛው ግን እንደ ልባችን ሆንን። አባቴ መርፌያቸውን ሰክተው «ስሞክ ብሬክ» ይሉና ይወጣሉ። ሲዘገዩ እኔ ከውስጥ «ላስት ድራግ፣ አባዬ» እላለሁ። ሰው ባለበት እንኳ ተናግረነው እናውቃለን። ጎረቤቶቻችን እኒህ ሽማግሌ ከልጃቸው እንግሊዝኛ እየተማሩ ነው ብለው ያደንቁ ነበር። ለምን በእንግሊዝኛው እንደማናፍር አላውቅም። አፍረን ያደግነው በአማርኛ ስለሆነ ይሆናል።

ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አባቴን ማስደሰት ጣመኝ። ነርሷን «ኬን አይ ባም ኤ ፋግ?» እላታለሁ፤ እሷ እኔ የማጨስ መስሏት፣ እንደ እናት እየተቆጣች፣ አንድ ታወጣልኛለች። ያቺን ሲጋራ ወስጄ በአባቴ የክር ቆርቆሮ ውስጥ፣ በነጩና በጥቁሩ ክር መካከል አጋድማታለሁ። አባቴ ቆርቆሮውን ሲከፍቱ እኔን አያዩኝም። ወደ ቆርቆሮው ጎንበስ ብለው «ቴንክ ዩ» ይላሉ። ለወላጅ የሚሰጥ ሌላ ነገር በሌለበት አገር ይህቺ ለእኔ ትልቅ ስጦታ ነበረች።

በክረምቱ አባቴ ማሳል ጀመሩ። መጀመሪያ ብርዱ ነው አልን። ከዚያ ከሱ፣ ሌሊት ያልባቸው ጀመር። አክታቸው ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ክሊኒካችን ውስጥ ነበረ፤ ነገር ግን ጥቂት ስለሆነና ብዙ ወር ሳይቋረጥ ስለሚወሰድ የሚሰጠው በጥብቅ ደንብ ነው። በሽተኛው ዋስ ይጠራል። ዋሱ ጠዋት ጠዋት አብሮ እየመጣ ክኒኑ ሲዋጥ በዓይኑ ያያል። በሽተኛው መድኃኒቱን የሚተፋ ወይም የሚያቋርጥ ከሆነ ስሙ ይሰረዝና ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይሰጣል። ለአባቴ ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ።

የምዝገባው ቀን ሰልፉ ረጅም ነበር። ከአባቴ ኋላ ሁለት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ነርሷ ለሁሉም የምትጠይቀውን ጥያቄ እየጠየቀች እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ያጨሳል ወይ የሚለው ላይ ስትደርስ ለሌላው ሁሉ ሳላመነታ የምጠይቀውን አባቴን አልጠየቅኋቸውም። ወደ አባቴ እንኳ ሳልዞር «ኖ» አልኳት። አባቴ ምን እንደተጠየቀ ገብቷቸዋል። መሬት መሬቱን ሲያዩ ቆዩ። ነርሷም ካርዱ ላይ ሰረዝ አድርጋ አለፈች።

ሁለት ወር ሙሉ ክኒኑን ከፊቴ ዋጡ። አንድም ቀን አላጎደሉም። ሲጋራውንም አላጎደሉም፤ እኔም ማቀበሌን አላቆምኩም፤ ቀንሼ ነበር ብል ራሴን መሸንገል ነው። ከዚያ ገዳሪፍ ወስደን ደረታቸውን በራጅ አሳየን። በሎሪ ላይ በማሽላ ጆንያ መካከል ተቀምጠን ሄደን፣ እንደዚያው ተቀምጠን ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ሲያስላቸው ጋቢውን ወደ አፋቸው ሲሰበስቡት ጣፉ ከዓይኔ ፊት ነበር።

ራጁን ያየው ሐኪም ሳንባቸው ምንም እንዳልተሻለው አይቶ ሰውዬው መድኃኒቱን እየተፋው ነው አለ። ይህን ያህል ወር ወስዶ እንዲህ ሊሆን አይችልም፤ ወረፋ የሚጠብቁ አሉ፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሌላ ምክንያት ካልተገኘ ስሙ ይሰረዝ ብሎ አዘዘ። ነርሷ ይህን የነገረችኝ ያው ዳሱ ሥር ነው። ስም መሰረዝ ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ በፊት የተሰረዙትን ስም ለቤተሰባቸው በአማርኛ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ የተቀበሩበትንም አውቃለሁ።

እውነቱን ተናገርኩ። ይውጣሉ፣ በዓይኔ አያለሁ፣ ግን ያጨሳሉ አልኳት። እሷ ባስተማረችኝ ቋንቋ፣ እንደ ጭስ ማውጫ ነው የሚያጨሱት፣ ከአንቺ የለመንኩት ሁሉ ለእሳቸው ነበር አልኳት። ነርሷ በእጇ የያዘችውን ሲጋራ አየችው። ከዚያ ከእኔ ብቻ መስማት እንደማይበቃ ነገረችኝ። አባቴ ራሳቸው ከመቼ ጀምሮ እንደሚያጨሱ ይናገሩ፣ ለመተውም ይወስኑ፤ ያን ጊዜ ሐኪሙን እኔ እለምነዋለሁ አለች። በእኔና በአባቴ የእንግሊዝኛ ቃል ልጠይቃቸው ብላት እምቢ አለች። የሚስማሙበትን ነገር በደንብ እንዲያውቁት በአማርኛ ጠይቂያቸው አለችኝ።

ደግነቷ፣ ሰው ፊት አላደረገችውም። አባቴን ከሰልፉ ጠርታ ዳሱ ሥር፣ የራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። እኔ ቆምኩ።

«አባዬ» አልኩ፣ «ሲጋራ ማጨስ የጀመሩት መቼ ነው?»

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። አልተቆጡም። ጭናቸው ላይ ያለውን ጣፍ በአውራ ጣታቸው እያሹ እኔን ሳይሆን እሱን እያዩ መለሱ።

«ቁረይሻ ነው። ወባው የለቀቀሽ ሰሞን ‹አባዬ፣ አልጠገብኩም› ያልሽኝ ጊዜ።»

ነርሷ ትርጉሙን እየጠበቀች ታየኛለች።

«የኔን ስሰጥሽ ሆዴ አላሠራ አለኝ። ማጭዱን መያዝ አቃተኝ። ባለ ትራክተሩ ‹ሲጃራ ሳብ አድርግ፣ ጁዕ ያስረሳል› አለኝ። እውነቱን ነው፣ ረሃብ ያስረሳል። ከዚያ ወዲያ እንግዲህ ለመደብኝ። አንቺን አፍሬ ነው እንጂ መደበቄ፣ የተከለከለ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም።»

በልቻለሁ ያሉኝ ቀን ሁሉ አልበሉም ነበር። እኔ ሰሃኑን በጣቴ እየጠረግሁ፣ የጋቢያቸው ሽታ እያስጠላኝ፣ በሆዴ ስቀየማቸው የነበርኩት፣ የእሳቸውን ምግብ በልቼ ነው። ማልቀስ ፈለግሁ፤ ግን አስተርጓሚ ነኝና ሰው እየጠበቀኝ ነው። ከደብተሬ ውስጥ ለዚህ የሚሆን አባባል አልነበረም። እንደ ትምህርት ቤት ልጅ፣ ባለቤትና ግሱን አስተካክዬ፣ ተርቤ ነበር፣ ምግቡን ለእኔ ሰጠኝ፣ እሱ ስለራበው አጨሰ አልኳት። ነጥቡ ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ።

ነርሷ ተነሥታ ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች። ስትመለስ አባቴን ይተዋሉ ወይ ብላ አስጠየቀችኝ። አባቴ ግን የእኔን ትርጉም አልጠበቁም። «ፓክ ኢት ኢን» አሏት፤ አንገታቸውንም ነቀነቁላት።

ስማቸው አልተሰረዘም። ነርሷም ለማበረታታት ብላ እኔም አብሬዎት እተዋለሁ አለች፤ ሦስት ቀን ቆየችና በአራተኛው ዳሱ ሥር አገኘኋት፤ ለአባቴ እንዳልነግር አስማለችኝ። አባቴ ግን አልተመለሱበትም። ለብዙ ሳምንት ቁጡ ሆነው፣ ክር በጠፋ ቁጥር እኔን እየወቀሱ፣ በልማዳቸው ሰዓት «ስሞክ ብሬክ» ብለው ባዶ እጃቸውን ከቤቱ ጀርባ ቆመው ይመለሱ ነበር። መድኃኒቱንም ጨረሱ። ሳሉም ለቀቃቸው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ።

አባቴ ዳሱ ሥር በተናገሩበት ዕለት አመሻሽ ግን ገና ምንም አልታወቀም ነበር። ቂጣና ምስር ሠርቼ አቀረብኩ። አባቴ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ፤ አንድ ሁለቴ ቆረስ አድርገው ሰሃኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ብዪ እንጂ፣ እኔ ክሊኒክ በልቻለሁ» አሉኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ የሚበላ ነገር እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቂጣውን በምስር ጠቅልዬ በእጄ ወደ አፋቸው ወሰድኩት። እምቢ ለማለት ራሳቸውን ወደ ኋላ አሉ።

«ዋስዎ ነኝ» አልኳቸው።

አፋቸውን ከፈቱ። ጠዋት ጠዋት ክኒኑን እንደማደርገው፣ እስኪውጡት ድረስ ከጉሮሯቸው ላይ ዓይኔን አላነሣሁም።